በሕክምና ላይ ያለች እናት ምን ትብላ?

በድሬ ጠያራ ማታ ማታ ስናስተምር አንድ ምሽት ጠና ያሉ ገበሬ ደብተራቸውን ከድነው ጠየቁን። «ልጆቼ፣ ባለቤቴ በማኅፀን በር ካንሰር ታማ ሐረር ሕክምና ጀምራለች። ጎረቤት ሁሉ ሥጋና እንቁላል አትስጣት፣ የምትበላውን በሽታው ነው የሚበላው ይለኛል። እኔ ግን ቀን በቀን ስትከሳ አያታለሁ። ምን ላድርግ?» አሉን። ክፍሉ ጸጥ አለ። የጠየቁት አንድ ሰው ቢሆኑም መልሱን የሚጠብቁት ብዙዎች መሆናቸውን ከፊታቸው ተረዳን። የዚያን ዕለት የሰጠነው ግማሽ መልስ ነበር። ቀሪውን አጣርተን እነሆ ጽፈናል።

በመጀመሪያ በሽታው ምንድን ነው? ማኅፀን ፅንስ የሚያድግበት ከረጢት ነው። ከታች በኩል ጠበብ ያለ አንገት አለው። ይህ አንገት የማኅፀን በር ይባላል። በዚህ ቦታ ያሉ ደቃቅ የሰውነት ክፍሎች፣ ሴሎች የሚባሉት፣ ሥርዓታቸውን ለቀው ያለ ልክ ሲባዙ የማኅፀን በር ካንሰር ይሆናል። መነሻው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ባልም ሚስትም ሳያውቁት ሊይዛቸው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። በአንዳንድ ሴት ላይ ግን ሳይጠፋ ይቀርና 10፣ 15፣ 20 ዓመት ቆይቶ ካንሰር ያመጣል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን ይህን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ስላሳየ በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። እንግዲህ ነገሩ ቡዳ አይደለም። እርግማንም አይደለም። የሴትየዋም ጥፋት አይደለም።

በሽታው የአንድ ቀበሌ ወይም የአንድ አገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2022 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 660 ሺህ ያህል ሴቶች አዲስ ታመውበታል፤ 350 ሺህ ያህል ሴቶች ሞተውበታል። ከሞቱት አብዛኞቹ እንደኛ ባሉ ድኻ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ገበሬው ጥያቄ እንመለስ። «የምትበላውን በሽታው ይበላዋል» የሚለው ወሬ እውነት ነው ወይ?

እናንተ ማሽላ አምራቾች ናችሁ። አቀንጭራን ታውቁታላችሁ። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ይዞ ምግቡን ይመጠምጠዋል። አበባው ያምራል፣ ማሽላው ግን ይቀጭጫል። ታዲያ አቀንጭራ የሚበረታው በየትኛው ማሳ ነው? ፍግ ባገኘው ነው ወይስ በደኸየው? በደኸየው መሆኑን ከማንም በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። አቀንጭራን አስርባለሁ ብሎ ማሳውን ፍግ የሚከለክል ገበሬ የለም። ቢከለክል አስቀድሞ የሚሞተው ማሽላው ነው። ካንሰርም እንዲሁ ነው። ሰውነት ምግብ ቢያጣ ካንሰሩ አይራብም። ከሴትየዋ ሥጋና ስብ ላይ እየወሰደ ይኖራል። የምትራበው እሷ ናት። ስለዚህ የጎረቤት ወሬ ስሕተት ነው። ሥጋም እንቁላልም ወተትም ይገባታል፤ እንዲያውም ከጤነኛው ሰው ይበልጥ ይገባታል።

ይህን አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። በሽታው ገና ሲጀምር ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ዋናው ሕክምና ጨረር ነው። ጨረሩ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ5 ሳምንት ያህል ከውጭ በኩል ይሰጣል። ከዚያ በውስጥ በኩል የሚሰጥ ጨረር ይከተላል። በዚያው መካከል በሳምንት አንድ ቀን በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ይጨመራል። ሲስፕላቲን ይባላል። ይህ ሁሉ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከ8 ሳምንት ባይበልጥ ይመረጣል። ሕክምናው በተቋረጠና በተጓተተ ቁጥር ካንሰሩ እያንሰራራ የመዳን ዕድል ይቀንሳል።

የምግብ ነገር ከዚህ ጋር ነው የሚያያዘው። በጣም የከሳች ሴት መድኃኒቱን መቋቋም ይሳናታል። ደሟ ያነሰ እንደሆነ ሐኪሙ «ትንሽ ትጠንክርና እንቀጥላለን» ይላል። አንድ ሳምንት ይዘለላል። ሁለት ሳምንት ይሆናል። ደም ማነስ ደግሞ ጨረሩ ራሱ በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ስለዚህ እንቁላሉና ወተቱ ከመድኃኒቱ ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም። ሕክምናው ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው እንዲዘልቅ የሚያደርጋት እሱ ነው።

ለመሆኑ ለምን ትከሳለች? አንደኛው በሽታው ራሱ ምግብ ይዘጋል። ሁለተኛው ሕክምናው ነው። መድኃኒቱ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል። ምግቡ ሁሉ ብረት ብረት ይላታል። ትናንት የምትወደው ወጥ ዛሬ ሽታው ያስጠላታል። ጨረሩ የሚያርፈው ሆድ ዕቃ አጠገብ ስለሆነ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ተቅማጥ ይመጣል። ሦስተኛው የሚፈሰው ደም ነው። አራተኛው ሐሳብ ነው። ልጆቹን ማን ያያቸዋል፣ ላሟን ማን ያልባታል እያለች እህል አልወርድ ይላታል።

አምስተኛ አለ፤ እሱን ስንጽፍ ትንሽ ያፍረናል። በብዙ ቤት እናት የምትበላው መጨረሻ ላይ ነው። አባወራውና እንግዳው ይበላሉ፣ ልጆች ይበላሉ፣ የተረፈው የእናት ነው። ጤነኛ ሳለች ይህ ችግር አልታይ ይላል። ስትታመም ግን ይገላል። ታማም እንኳ «እኔ ጠግቤያለሁ፣ ለልጆቹ ስጧቸው» ትላለች። አትመኗት። ባል ሆይ፣ የእሷን ድርሻ አስቀድመህ ለይ፤ ስትበላም አጠገቧ ተቀመጥ።

መክሳቷን እንዴት እናውቃለን? ሚዛን ካለ ሚዛን ነው። 50 ኪሎ የነበረች ሴት በ6 ወር ውስጥ ወደ 45 ከወረደች ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ሄዷል ማለት ነው፤ ይህ አደገኛ ነው። በአንድ ወር ብቻ 50 የነበረው 47 ቢሆንም ለሐኪም መነገር አለበት። ሚዛን ከሌለ አምባሯን እዩ። ከእጅ አንጓዋ ወደ ክንዷ ሽቅብ የሚንሸራተት ከሆነ ከስታለች። ጤና ኬላ ደግሞ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ አለ። እግር አብጦ ክብደት የጨመረ ሲመስል ግን አትታለሉ፤ እብጠቱን አሳዩ።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። የጤና ሊቃውንት ለእንደዚህ ያለች በሽተኛ በየኪሎዋ ከ1 እስከ 1 ከግማሽ ግራም ፕሮቲን በቀን ያሻታል ይላሉ። ፕሮቲን ማለት ሥጋና ደም የሚገነባው የምግብ ክፍል ነው። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት በቀን ከ50 እስከ 75 ግራም መሆኑ ነው። ከየት ይገኛል? አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። ሩብ ሊትር ወተት 8 ግራም ያህል አለው። አንድ እፍኝ ለውዝ ከ7 እስከ 8 ግራም ይሆናል። አንድ ጎድጓዳ ሳህን የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ይይዛል። እንግዲህ በቀን 2 እንቁላል፣ 2 ጊዜ ወተት፣ አንድ እፍኝ ለውዝና አንድ ሳህን ምስር ብትበላ ከ50 ግራም አለፈች። የማሽላው እንጀራ ወይም ገንፎ የሚሰጣት ከዚያ በላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሩቅ አገር ያለ ምግብ አይደለም። ድሬ ጠያራ ውስጥ ዶሮ አለ፣ ፍየል አለ፣ ለውዝ ይበቅላል። ማንጎና ፓፓያም በአካባቢው አይጠፋም። ነገር ግን ምን ይደረጋል? እንቁላሉና ለውዙ ሐረር ሸዋ በር ገበያ ይወርዳል፤ በምትኩ ስኳርና ሳሙና ይመጣል። በደጉ ጊዜ አንቃወምም፣ ቤት ገንዘብ ይፈልጋል። በሕክምናዋ 8 ሳምንት ግን የዶሮዎቹ እንቁላል ከቤት ባይወጣ መልካም ነው። በቀን ሁለት ቢሆን በ8 ሳምንት 112 እንቁላል ነው። ከመቋረጥና እንደገና ከመመላለስ ወጪ ጋር አስተያዩት።

ስለ ለውዝ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እርጥበት ነክቶት የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የመረረ ለውዝ አትስጧት፤ እናንተም አትብሉት። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው፤ ጉበትን ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። ማሽላም ከጉድጓድ ሲወጣ ሻጋታ ያለበት ይለይ። ንጹሑን ለውዝ ቆልታችሁ ውቀጡትና በገንፎዋና በአጥሚቷ ላይ ጨምሩ። ማላመጥ ቢያቅታት እንኳ በዚህ መንገድ ይገባላታል።

አመጋገቡ እንዴት ይሁን? ትልቅ ትሪ ፊቷ አታቅርቡ። አይታው ትጠግባለች። ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ስጧት። ጠዋት ብዙውን ጊዜ ሆድ ይሻላል፤ ስለዚህ ዋናውን ምግብ ያን ጊዜ አብሏት። ምግቡ ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ትኩስ ምግብ ሽታው ይበረታል። ወጥ ሲቁላላ እሷ ውጭ ጥላ ሥር ትቀመጥ። አጥሚቱ ላይ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጣል ቢደረግበት ሳይበዛ ኃይል ይሰጣል። አፏ ከቆሰለ ሚጥሚጣና በርበሬ ይቅር፤ በጨው ውኃ ትጉመጥመጥ።

ወተቱ መፍላት አለበት። የላምም ይሁን የፍየል ወይም የግመል፣ መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ጥሬ ወተት ሌላ በሽታ ይጨምርባታል። «እኛ የግመል ወተት አፍልተን አናውቅም» ያሉን ሰዎች አሉ። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ለዚህች ሴት አፍሉላት። ጥሬ ሥጋም ይቅር፣ እንቁላሉም በደንብ ይብሰል።

ተቅማጡ ሲጀምር ግን የምግቡ ዓይነት ትንሽ ይለወጣል። ባቄላና ሽንብራ፣ ጎመን፣ ቅባትና ሚጥሚጣ ለጊዜው ይቀነሱ። ሩዝ፣ የተላጠ ድንች፣ ሙዝ፣ ቀጠን ያለ ገንፎ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይስማማታል። ወተት ተቅማጡን ካባሰባት እርጎ ይሻላል። የፈሰሰውን ውኃ መተካት ግዴታ ነው። ጤና ኬላ ኦ.አር.ኤስ የሚባል ዱቄት አለ። ካላገኛችሁ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው ልክ እኩል ይሁን፣ አይከመር። ጨው መብዛት የለበትም። መድኃኒቱ ኩላሊት ስለሚጎዳም ተቅማጥ ባይኖር እንኳ ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት አለባት።

ሆጃ በወተት መልካም ነው፤ ልማዷም ስለሆነ ደስ ይላታል። ነገር ግን ቡና፣ ሆጃና ሻይ ከምግቡ ጋር ሲጠጡ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ትጠጣው። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ ግን ብረቱን ያግዛል።

ጫትስ? ይህን መናገር በዚህ አገር ከባድ ነው። ጫቱ የብዙዎቻችሁ መኖሪያ ነው። ቢሆንም ጫት ምግብ እንደሚዘጋ የቃመ ሁሉ ያውቃል። እንቅልፍም ይነሳል፣ አፍም ያደርቃል። መክሳት ጠላቷ ለሆነ ሴት ጫት አይስማማም። «ድካሟን ይረሳላታል» ብሎ የሚያቀብላት ዘመድ ቢኖር በምትኩ እርጎ ያምጣ።

ስለ ጾምም ተጠይቀናል። ሙስሊም በሽተኛ በረመዳን እንዳይጾም ሃይማኖቱ ፈቅዶለታል። ሲድን ቀኑን ይከፍላል፤ የማይድን ከሆነ ድኻ ያበላል። ክርስቲያን የሆነችውም የነፍስ አባቷን ታማክር። ደሙ እየፈሰሰኝ ነው ብለው ከሶላት የቀሩ እናቶችም አሉ። የበሽታ ደም እንደ ወር አበባ እንደማይቆጠር ሼሆች ያውቃሉ፤ ጠይቋቸው። ለእንዲህ ያለች ሴት ወደ ሶላቷ መመለስ ከመድኃኒት አያንስም።

ይህን ስንል የምንናገረው ስለ ኑሮዋ ነው። ሕክምና ማለት ዕድሜ ማስረዘም ብቻ አይደለም። እንቅልፍ አላት ወይ? ሕመሙ ይለቃታል ወይ? ከጎረቤት ጋር ቡና ትጠጣለች ወይ? ደሙና ፈሳሹ ሽታ ሲያመጣ ሰው ይሸሻታል። እሷም ሰው ትሸሻለች። ሳህኗን የሚለዩባት ቤቶች አይተናል። ካንሰር ከአንድ ትሪ አብሮ በመብላት፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት አይተላለፍም። ብቻዋን የምትበላ በሽተኛ ሁለት ጉርሻ በልታ ትተዋለች። ከልጆቿ ጋር ከአንድ ትሪ ስትቆርስ ግን ሳታስበው ትበላለች። የሚታጠብ ንጹሕ ጨርቅ ይዘጋጅላት፣ በየቀኑ ለብ ባለ ውኃ ትታጠብ። ለሽታው ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ፣ መጠየቅ አያሳፍርም። ባልም ሐኪም እስኪፈቅድ ይታገሥ።

ሕመሙን «ቻይው» አትበሏት። የሕመም መድኃኒት በሰዓቱ ሲሰጥ ምግብም ይከፈታል። ከባድ ለሆነው ሕመም ሐኪም ሞርፊን ሊያዝ ይችላል። እንደታዘዘው ከተወሰደ አያስፈራም፤ ሆድ ስለሚያደርቅ ግን ስለዚያም ሐኪሙ ይጠየቅ። የባህል መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አትደብቁ። አንዳንዱ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳል።

ቀድሞ የጨረር ሕክምና በመላው ኢትዮጵያ የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ተራ ለብዙ ወራት ጠብቆ ነበር የሚታከሙት። ማረፊያ ላጡት እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራት አልጋና ምግብ ይሰጡ ነበር፤ ዛሬም ይሰጣሉ። አሁን በሐረር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ማዕከል አለው። ይህ ለድሬ ጠያራ ሴት ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም 5 ሳምንት በየቀኑ ከገጠር መመላለስ አድካሚ ስለሆነ ከተማ ዘመድ ያላት እዚያው ብትሰነብት ይሻላል። ስትሄድ ቆሎና የተወቀጠ ለውዝ ቋጥሩላት። የጤና መድኅን መታወቂያዋንና የሪፈር ወረቀቷን አትርሱ።

ሴቶች ልጆቻችሁንም አስቡ። የዚህ በሽታ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች ይሰጣል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ደግሞ ሳይታመሙ ይመርመሩ። በአንዱ የምርመራ ዓይነት አዋላጇ ወይም ነርሷ የማኅፀኑን በር በኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብታ ታያለች። የነጣ ቦታ ካለ ካንሰር ሳይሆን በፊት ይታከማል። ሥራው ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጡ ወዲህ ደም የሚታያቸው ግን ዕድሜ ሳይቆጥሩ ዛሬውኑ ይሂዱ።

ማንበብና መጻፍ የተማራችሁ እናንተ ለበሽተኛችሁ የምትሠሩላት አንድ ሥራ አለ። የቀጠሮ ካርዷን ራሳችሁ አንብቡ። ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ለይታችሁ አስምሩበት። ቀኑን፣ ክብደቷን፣ ስንት ጊዜ እንደበላች፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሳትና እንዳስቀመጣት ጻፉ። ሐኪሙ «እንዴት ሰነበተች?» ሲል «ደኅና ናት» ከማለት ገጹን ማሳየት ይበልጣል። በቀን ከ6 ጊዜ በላይ ውኃ መሰል ተቅማጥ ከታየ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ ካስመለሳት፣ ሽንቷ ካነሰ ወይም ያለ ፈቃዷ ከፈሰሰ፣ ደሙ ከበረታ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያን ዕለት ውሰዷት።

ጥያቄውን የጠየቁን ገበሬ ገጹን ጀምረዋል። ፊደላቸው ገና ይንጋደዳል። የመጀመሪያው መሥመር «ሰኞ። ሁለት እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ገንፎ በለውዝ። አንድ ጊዜ አስመለሳት» ይላል። በማግስቱ ጠዋት ይዘውት ሐረር ወርደዋል።